ከእሳት የተጠበቀው መስክ

አንድ ሰው ነበረ። ከብት አርቢ ነው፤ አገሩ ቆላ፣ ከያቤሎ ወዲያ። ልጅ ሳለ የሰደድ እሳት የእናቱን ጎጆ ከነጥጆቿ በላባት። እናቱ አመዱ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቶ ማለ። «እኔ ባለሁበት መሬት ላይ እሳት አያልፍም!»

መሐላውንም ጠበቀ። አድጎ፣ አግብቶ፣ ለጥጆቹ ሳር የሚያቆይበት የታጠረ መስክ ነበረው። ጎረቤቶቹ እንደ አባቶቻቸው ልማድ በየጥቂት ዓመቱ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ የመስካቸውን ደረቅ ሳር ያቃጥላሉ። እሱ ግን ጭስ ባየ ቁጥር ቅጠል ቆርጦ ይሮጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ትሉ የለም? እናንተ ትተርቱታላችሁ፣ እሱ ይሠራው ነበር! ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ጥግ አልተቃጠለችበትም። እንግዳ ሲመጣ በኩራት ያሳያል።

ታዲያ ምን አገኘ? ሳር? ሳር አላገኘም፣ ወገኖቼ። እሾህ አገኘ።

ለካ ትንሿን የእሾህ ችግኝ በጊዜ የሚበላት እሳቱ ኖሯል። የሳር ሥር ከመሬት በታች ነው፤ ላዩ ቢቃጠል ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይበቅላል። እሳቱ ሲቀር ችግኟ ቁጥቋጦ ሆነች፤ ቁጥቋጦው ጫካ ሆነ። ሳሩ ጥላ ውስጥ ከስሞ ጠፋ። መዥገር ፈላ። የላሞቹን ጡት እሾህ ቧጠጠው። በአንድ ዓመት አራት ጥጃ ሞተበት።

ሚስቱ ጡሜ ባዶውን የወተት ዕቃ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ከእሳት ጠበቅኸው» አለችው። «ከእሾህስ ማን ይጠብቀው? ልጆቼ የሚራቡት ለአንተ መሐላ ነው?»

ሰውየው ተቆጣ። በማግስቱ ግን ሽማግሌው ጃርሶ ዘንድ ሄደ።

«አባቴ፣ መስኩን ላቃጥለው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አሁንማ መች እሺ ይልሃል! እሳት የሚሄደው በሳር ነው። ሳር አለህ? መጀመሪያ መጥረቢያህን ሳል። እሾሁን ቁረጠው፤ ይድረቅ። ወደ ሰው ቤት እንዳይሻገር ዙሪያውን ጥረግ። ጎረቤት ጥራ። ነፋሱን እኔ አይልሃለሁ።»

«እጄ ቢንቀጠቀጥስ?»

«ይንቀጥቀጥ! ለማይንቀጠቀጥ እጅ እሳት አይሰጥም።»

ሁለት ወር ቆረጠ። መዳፉ ተላጠ። ዝናቡ ሊገባ ሲል ጎረቤቶቹ ቅጠል ይዘው መስኩን ከበቡ፤ ያ ጭስ ሲያይ የሚሮጥ ሰው በገዛ እጁ ለኮሰ። እያለቀሰ ለኮሰ። ዝናቡ በጣለ በሦስተኛው ሳምንት ጡሜ ከደጅ ጠራችው። ወጥቶ ሲያይ ጥቁሩ መሬት ለምልሞ፣ የተረፈችው ጥጃ አንገቷን ደፍታ ትግጣለች።

አሁን ስሙኝ። ቤታችሁን ያቃጠለውን ሁሉ እግዚአብሔር ነው የላከው አልላችሁም። የእናቱን ጎጆ የበላው እሳት ክፉ ነበር፤ እንባዋም እውነት ነበር። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው።

«ተጣልተን አናውቅም» የምትሉ ባልና ሚስት! ተጣልታችሁ አታውቁም ወይስ ተነጋግራችሁ አታውቁም? በአባቱ መሬት ሰበብ ከወንድሙ ጋር ዘጠኝ ዓመት የተኳረፈ እዚህ የለም? እኛ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችስ? አንድ ሰው እውነት ሊናገር ብድግ ሲል፣ «ሰላም ይሻላል» እያልን ቅጠል ይዘን የሮጥነው ስንት ጊዜ ነው? እኔም ሮጫለሁ። ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሰላም መስሎን የጠበቅነው መስክ እሾህ አብቅሏል። ልጆቻችን ወተት አጥተዋል!

ስለዚህ ሂዱና መጥረቢያችሁን ሳሉ። አስታራቂ ጥሩ። ነገሩ ወደ ልጆች እንዳይሻገር ዙሪያውን ጥረጉ። ከዚያ ተናገሩት። እጃችሁ ይንቀጠቀጣል? ይንቀጥቀጥ። ሥሩ ከታች አለ፤ ሳሩ ይመለሳል።