ደብሪቱ ከጭራቁ ተረከዝ ሥር

ተረት ተረት! ጠጋ በሉ፤ የሚፈራም ይጠጋ፣ አልፈራም ባዩም ይጠጋ። ድሮ ድሮ፣ ሰውና ጭራቅ ከአንድ ወንዝ በሚጠጡበት ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል እግሯ አርፎ የማያውቅ ልጅ ነበረች።

በዚያ አገር ጤፍ የሚታረመው ቁጢጥ ተብሎ ነው። እዚያ የሚዞረው ጭራቅ አንገቱ ድርቅ ያለ ነዋ! ከጉልበቱ በታች ያለውን አያይም፤ የቆመውን ግን አፈፍ አድርጎ ይሄዳል። «ልጄ፣ ቁጢጥ በይ!» ትላለች እናቷ። ደብሪቱ ምን ገዷት! ፌንጣ ባየች ቁጥር ብድግ። አንድ ቀን ፌንጣ ተከትላ ስትርቅ እናቷ ልትጠራት ብድግ ስትል፣ ወዮ! ጭራቁ በስልቻው ከቷት እብስ አለ።

ደብሪቱ እያለቀሰች ዱካውን ስትከተል ከቆቅ ጋር ተገናኘች።

«አንቺ! እንዲህ ተገትረሽ ጭራቁ እንዲበላሽ ነው?» አለቻት ቆቅ።

«እናቴን ወሰደብኝ! በኔ ጦስ!»

«እንግዲያው ቁጢጥ ማለትን ከኔ ተማሪ። መቀመጥ አይደለም፤ መቀመጫሽ መሬት አይንካ። መንበርከክም አይደለም፤ ጉልበትሽ ከመሬት ይነሳ። ለመነሳት ተዘጋጅቶ ዝም ማለት ነው።»

ወዲያው ድም! ድም! ጭራቁ ገደል አፋፍ ላይ ካለው ዋሻው ወጣ። «ሰው ሰው ይሸተኛል! የቆመ ካለ እበላዋለሁ!» ደብሪቱ ቁጢጥ! ጉንዳን ነከሳት፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለች። ጭራቁ ተመለሰ።

ጥቂት እንደተጠጋች ድም! ድም! «ሰው ሰው ይሸተኛል! የቆመ ካለ እበላዋለሁ!» ደብሪቱ ቁጢጥ! እግሯ ደነዘዘ፣ ሩጪ ሩጪ አላት፤ ቻለች። አሁንም ተመለሰ።

በሦስተኛው ድም! ድም! እናቷን እየጎተተ ወጣና ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቢላዋውን ይስል ጀመር። ደብሪቱ ቁጢጥ እንዳለች እንፉቅቅ፣ እንፉቅቅ፣ ከተረከዙ ኋላ ደረሰች።

«ሰው ሰው ይሸተኛል! የቆመ ካለ እበላዋለሁ!»

እናቷ ልጇን አየቻት። ጭራቁ ዞር እንዳይል ብላ ቀጥ ብላ ቆመች። «እኔ አለሁልህ ቆሜ! እኔን ብላ!»

ይሄኔ ደብሪቱን ተከትላ የመጣችው ቆቅ ከእግሩ ሥር ፍርርርር! ፊቱ ላይ! ጭራቁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ተረከዙ ከደብሪቱ ጀርባ ተጋጨ። «ኧረ ምን ያዘኝ?» ወደ ታች ሊያይ ቢል አንገቱ እምቢ አለው። ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ ገደሉ ዋጠው።

«ተነሺ ልጄ፣ አለቀለት» አለች እናቷ።

ደብሪቱ ግን ቁጢጥ እንዳለች ናት። «እማዬ፣ እግሬ አልነሳም አለኝ» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔ ለምን አለሁልሽና!» ብላ እናቷ አዝላት ቤታቸው ገቡ።

ተረቴ እዚህ ላይ ደረሰ፤ በሉ እናንተም እግራችሁ ሳይደነዝዝ ተነሱ።