በእግሩ የመጣው ባለ ፈረስ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለ ፈረስ። ቁጭ በይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ቫይረሱ ለቆኛል፣ ትኩሳት የለኝ፣ ሳል የለኝ፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሩጫ ውድድር ደርሷል፤ ኮች፣ እስከ መቼ ነው የሚያስቀምጡኝ?» ነው ያልሽኝ። እሱን ነው የምመልስልሽ።

ሰውየው የሚኖረው በፈረስ አገር ነው። በዚያ አገር ለጉግስ በዓል በእግሩ የመጣ ወንድ አለቀለት፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። እሱ ደግሞ ዳማ ፈረስ ነበረው፣ ወይ ፈረስ! ሲጋልብ አቧራውን እንጂ እሱን ያየ የለም።

ከበዓሉ በፊት ያገሩን ፈረስ ሁሉ ሳልና ትኩሳት መታው። ዳማውም ታመመ፣ ተኛ፣ ከዚያ ተነሳ። ገብሱን በላ፣ አሽካካ፣ ጠጉሩ አበራ። አንድ ጎረቤት ነበረው፤ የዚያም ፈረስ ታሞ የተነሳ ነው። «በል እንጫን እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አለው።

ሰውየው ግን አልቸኮለም። ዳማውን ያለ ኮርቻ፣ በልጓም ይዞ ቀስ እያለ ዳገት አወጣው። ላይ ሲደርሱ ጆሮውን የፈረሱ ደረት ላይ ለጠፈ። ልቡ ድው ድው ይላል። ቆመው ቆመው እንኳ አልበረደም። «ሳሉ ለቆታል፣ ልቡ ገና ነው» አለና መለሰው።

የበዓሉ ቀን ሕዝቡ ዙሪያውን ሞልቶ ሲጠብቅ፣ ሰውየው መሃል ለመሃል በእግሩ መጣ። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ዳማውን ያለ ኮርቻ እየሳበ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሕዝቡ ሳቀ። «ኧረ ፈረሱ ይጋልበው!» ያለም ነበር። እሱ ምን ገዶት! «ፈረሴን እዩት፤ በሕይወት አለ፤ ለከርሞ ደግሞ አቧራውን ታያላችሁ» አለና አልፏቸው ሄደ።

ጎረቤቱ ጋለበ። አልዋሽሽም፣ አጀማመሩ ግሩም ነበር። ሜዳው አጋማሽ ላይ ግን የፈረሱ ጉልበት ታጠፈ፤ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። ጎረቤቱ አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዳማው መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላ በሶምሶማ፣ ልቡ ቶሎ ሲበርድ ብቻ እየተጨመረለት፣ ለከርሞው ጉግስ ደረሰ። እንዴት እንደጋለበማ አትጠይቂኝ፣ ይመሽብናል።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ፈረሱ አንቺ ነሽ፤ ባለ ፈረሱ እኔ ነኝ። ቀን ቁጠሩልኝ ትያለሽ፤ ቀን ብቻውን ምን ያውቃል? ልብሽ ይጠየቅ እንጂ። ፈረሱ አፍ አልነበረው፤ አንቺ አፍ እያለሽ «ድኛለሁ» ብለሽ ዋሸሽኝ። ትናንት የዶርሙን ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ተደግፈሽ ደረትሽን ስትይዢ አይቼሻለሁ። ፈራሁልሽ፣ እውነቴን ነው። ነገ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ ልብሽን ይመርምር። እሱ «አሁን ትችላለች» ሲለኝ በእርምጃ እንጀምራለን፣ ከዚያ በፊት ንቅንቅ የለም።

ውድድሩ ያለ አንቺ ያልፋል፤ ይለፍ! የዚያን ቀን ቱታሽን ለብሰሽ ሜዳው ዳር አጠገቤ ትቆሚያለሽ። «ያቺ ፈጣኗ ልጅህ የት ገባች? ፈራች እንዴ?» የሚለኝ ቢኖር አንገቴን ቀና አድርጌ አሳየዋለሁ፦ «ይቺውልህ፤ ልቧ እየዳነ ነው፤ የኔ ልጅ ናት!»