ምቀኛው ፊውዝና ሥራ ፈቱ ሽቦ

አንድ ሻረው የሚባል አናጺ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት በእጅ መጋዝ ሲገዘግዝ ኖሮ በመጨረሻ ቀንቶት የኤሌክትሪክ መጋዝ ገዛና ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተከለው። ገመዱን ሊያገናኝ ሲል ሦስት ሽቦ አገኘበት፤ የቤቱ ሶኬት ግን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነበረው። ሁለቱን አስገብቶ ቢሞክረው መጋዙ ዞረ። ስለዚህ ሦስተኛውን፣ አረንጓዴና ቢጫውን፣ «ይሄስ ሥራ ፈት ነው» ብሎ በፒንሳ ቆረጠው።

ባለቤቱ እማዋይሽ የሥራ ጓደኛው ነበረች። እሱ ከወዲህ ሲገፋ እሷ ከወዲያ ጣውላውን እየተቀበለች ትደረድራለች። ያለሷ ረጅም ጣውላ መቁረጥ አይሆንለትም፤ ይህንን ራሱም አይክድም።

ነሐሴ ላይ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ለመስከረም የሚደርስ ስልሳ አግዳሚ ወንበር አዘዘው። የክረምት ባሕር ዛፍ ደግሞ ውኃ የጠጣ ነው። መጋዙ መሐል ላይ ይያዛል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ከዚያ ቆጣሪው ሥር ያለው ፊውዝ ይቃጠልና ሁሉም ጸጥ ይላል። በቀን ሦስቴ አራቴ እንዲህ ሲሆንበት ሻረው ፊውዙን «ምቀኛ» የሚል ስም አወጣለት።

ጎረቤቱ ጋሽ ለገሰ የተቃጠለ ሞተር እየፈቱ ሽቦውን እንደ አዲስ የሚጠቀልሉ አዛውንት ናቸው። እንጨቱን አድርቀው፣ ቀስ ብለህ ግፋ፣ ሞተሩ ሲግል አሳርፈው፣ ሰጋቱራውንም ከመተንፈሻው ጥረግለት ብለው መከሩት። ሻረው እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል፤ የሚከብደው ማድረጉ ነው። በማግስቱ ፊውዙን አውጥቶ ጣለና በቦታው ወፍራም ሽቦ ጠመጠመበት።

ከዚያ ወዲያ የሚያስቆመው ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ መጋዙ ሲጮኽ ዋለ። ሞተሩ እጅ የማያስነካ ሆነ፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸት ጀመር። እማዋይሽ ሽታውን ስትነግረው፣ አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ይሸታል ብሎ አለፈው።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ገና ረጥቦ ሳለ እማዋይሽ ጣውላ ልትቀበል የመጋዙን ብረት ጠረጴዛ በመዳፏ ተደገፈች። እጇ እዚያው ተጣብቆ ቀረ። አልጮኸችም፤ መጮኽም አልቻለች። ሻረው ዓይኗን ሲያይ ነገሩ ገባው። ሊይዛት እጁን ከዘረጋ በኋላ በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው እንደማይነካ ትዝ አለውና ዘልሎ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው። እማዋይሽ ጭቃው ላይ ወደቀች። ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ መዳፏ ተቃጥሎ ነበር፣ ነፍሷ ግን ተረፈች። ሻረው ሰው ፊት አለቀሰ።

ጋሽ ለገሰ ሞተሩን ከፍተው አዩት። በሰጋቱራ ተጠቅጥቋል፣ የሽቦው ሽፋን በሙቀት ከስሎ ተልጧል። ፊውዙ የት እንደሄደ ጠየቁት።

«ጣልኩት ጋሼ። አላሠራ አለኝ።»

«ሞተሩ ከሚቃጠል እኔ ልቃጠል እያለ ነው በየቀኑ ሲሞትልህ የከረመው። ይሄን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦስ ለምን ቆረጥከው?»

«እሱማ ሥራ የለውም። ያለሱም ይዞራል።»

አዛውንቱ የተቆረጠውን ሽቦ ጫፍ ይዘው አሳዩት።

«እውነትህን ነው፣ የዘወትር ሥራ የለውም። ይሄ ሽቦ ቆሞ የሚጠብቀው አንዲት ቀን ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ብረቱ ሲገባ ተቀብሎ መሬት ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ ፊውዙም ተቃጥሎ ኤሌክትሪኩን ይቆርጠዋል። አንተ አባረርከውና እማዋይሽ በሱ ቦታ ቆመች።»

 ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለሻረው ነበር።

ሞተሩ ተጠቀለለ። የመሬቱ ሽቦ ተቀጥሎ ግቢው ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር ተያያዘ፤ ሶኬቱም ፊውዙም በልኩ ተተካ። ሻረው እንጨቱን ማድረቅ፣ ሞተሩን ማሳረፍ፣ ማታ ማታም ገመዱን ነቅሎ ሰጋቱራውን መጥረግ ለመደ። አንድ ጎረቤት ጣውላውን እየተቀበለለት ወንበሮቹ አንድ ሳምንት ዘግይተው ደረሱ፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አጉረመረሙ እንጂ ሌላ ጉዳት አልመጣም። እማዋይሽ ግን ወደ ጥላው ድርሽ አትልም ነበር። ሻረውም አልጎተጎታትም።

ከሁለት ወር በኋላ ራሷ መጣችና ሽቦው መሬት የሚገባበትን ቦታ አሳየኝ አለችው። ጎንበስ ብሎ አሳያት። ቀና ሲልም፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላት። እሷ ከመሬት ብቅ ያለውን የዘንጉን ጫፍ በእግሯ ነካ ነካ አደረገችና ከመጋዙ ወዲያ ማዶ ተሻግራ ጣውላ ለመቀበል ቆመች።

በየቤታችን፣ በየሥራችን «በቃህ» የሚለን ሰው አለ፤ ምቀኛ እንለዋለን። ዝም ብሎ ከኋላችን የቆመም አለ፤ ሥራ ፈት እንለዋለን። ሁለቱንም ስናባርር ነገሩ ለጊዜው የፈጠነ ይመስላል፤ ዕዳው ግን አጠገባችን በቆመው ሰው ላይ ያርፋል። ደግነቱ፣ ነፍስ እስካለች ድረስ የተቆረጠ ይቀጠላል።

አንተስ ወዳጄ፣ ከቤትህ ያባረርከው የትኛውን ነው? ዛሬ በእሱ ቦታ የቆመውስ ማን ይሆን?