የቢተው በቅሎ

ዛሬ ሰዎች ክርክር ሲበዛ «እሰጥ አገባውን ተዉት» ይባባላሉ። እሰጡም አገባውም በአንድ ዘመን ከብት ያስነዳ እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ዘመን ሙግት የወጣች አንዲት አባባል በእኛ አገር እስካሁን ትነገራለች። ሰው እየሳቀ ይላታል፤ እኔ መነሻዋን ስለማውቅ ሳቁ አይመጣልኝም።

የድሮ ሙግት እንዲህ ነበር። አንዱ ነገሩን ተናግሮ «ይህ ባይሆን ማር እሰጥ!» ይላል። ባላጋራው ከተማመነ «አገባ!» ብሎ ይቀበላል፤ ካልተማመነ ዝም ብሎ በትንሹ ተረትቶ ይወጣል። ማሩ ወደ በግ፣ በጉ ወደ በቅሎ ያድጋል። የተረታ ያስያዘውን ለመንግሥት ይከፍላል። ስለዚህ ሙግት አዋቂ የሚባለው አፈኛው ሳይሆን የት ላይ ዝም እንደሚል የሚያውቀው ነበር።

ቢተው አፈኛ ነበር፤ ማቆሚያ ግን አልፈጠረበትም። ከጎረቤቱ ከጎበዜ ጋር በወንዝ ዳር ባለች ቁራጭ መሬት ተጣላ፤ እሱ ድንበሩ እዚያ ካለው ሾላ ማዶ ነው ባይ ነው። ድንበሩን የተከሉት አባቶቻቸው ሞተዋል፤ የድንበሩን ድንጋይም ጎርፍ ወስዶታል። የቢተው ምስክር ሽማግሌው አባ ቢምረው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም አስቀድመው ቁርጡን ነገሩት።

«ልጄ፣ አባትህ ከሾላው ማዶ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ድንጋዩ ሲተከል ግን አልነበርሁም። ከዚህ አልፌ አልምልልህም።»

«ይበቃኛል አባ። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ድንጋይ ሳይተክል ይሄዳል?»

ሚስቱ አትጠገብ ከወለደች ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትስመው፣ እናቷን የምትጠይቀው በበቅሏቸው ነው። በሙግቱ ቀንም በቅሎዋ ላይ ሆና መጣች፤ ተሸክመው አውርደው ከሸንጎው ዳር አስቀመጧት።

ዳኛው ግራዝማች መርሻ ነበሩ። ጎበዜ ተነሳ። «አባቶቻችን ድንበር የተከሉት ከሾላው ወዲህ ነው! ባይሆን ማር እሰጥ!»

«አገባ!» አለ ቢተው።

«በግ እሰጥ!»

«አገባ!»

እስከዚህ ማንም አልነቀፈውም። በግ ቢሄድ ያናድዳል እንጂ ቤት አይፈታም።

«በቅሎ እሰጥ!» አለ ጎበዜ።

ግራዝማች ወደ ቢተው ዞሩ። «እዚህ ላይ ብታቆም የምትከፍለው ማርና በግ ነው። አስብበት።»

«ተው የኔ ጌታ» አለች አትጠገብ ከተቀመጠችበት። «መሬቷ ትቅርብን። እግሬን አታስይዝብኝ።»

ቢተው አላያትም። የሚያየው የጎበዜን እጅ ነበር። ዘንግ የጨበጠው እጅ ይንቀጠቀጣል። «ፈርቷል፤ በባዶው ነው የሚያስፈራራኝ» አለ በልቡ። ጎበዜ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት እንደተመለሰ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቢተው ራሱ ሄዶ «እግዜር ይማርህ» ብሎት ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ማየት የፈለገውን አየ።

«አገባ!»

አባ ቢምረው ምለው ያዩትን ተናገሩ፤ ካዩትም አላለፉም። ከዚያ የጎበዜ ምስክር ተነሳ፤ ድንጋዩን ተሸክሞ ያመጣ ሰው ነበር። «ከማዶ ስንቆፍር ቋጥኝ ገጠመን። ትተነው ከወዲህ ተከልን» አለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

የዳኛው አሽከር በቅሎዋን ሊወስድ ሲመጣ ጎበዜ ራሱ ደነገጠ። «እኔ መሬቴን ነው የፈለግሁት፤ በቅሎዋን ማሩለት» ብሎ ለመነ። ግራዝማች አንገታቸውን ደፉ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዛሬ ቃል ከፈታሁ ነገ ማንን በቃሉ አስራለሁ?» አሉ።

አትጠገብ አላለቀሰችም። ኮርቻው ሲወርድ ዐይኗን ጨፍና ቆየች እንጂ። ሰዎቹ እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩና በላዩ አስተኟት፤ ቢተውም ከፊት ተሸከመ። መንደር ሲደርሱ ቃሬዛውን ከሩቅ ያዩ ሴቶች ሬሳ መስሏቸው እሪ አሉ። አትጠገብ በሕይወት ሳለች የራሷን ልቅሶ ሰማች። ያን ጊዜ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጩኸቱ አንጀቱን በላውና ወደ አባ ቢምረው ዞሮ፣ «ሲተከልም አይቻለሁ ቢሉ ምን ነበረበት አባ? አንዲት ቃል እኮ ናት!» አላቸው።

ሽማግሌው ቆሙ። አንገቱን የደፋውን ቢተውን ትክ ብለው አዩትና፣ እንዲህ አሉ፦ «በግማሽ ምስክር፣ ሙሉ በቅሎ አያሲዙም።»