ጋቢ ጭኖ ቆላ የወረደው ሰው

አንድ ጭንቀታም ሰው ነበረ። ቆይ እታገኘሁ፣ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ፤ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «አባ፣ ዳግመኛ ልዳር ነውና እንደ ፊተኛው እንዳልጎዳ ምን ይዤ ልግባ?» ነው ያልሽኝ። የነፍስ አባትሽ ነኝ፤ ያሳለፍሽውን ሁሉ አውቃለሁ። እጮኛሽም ከዋርካው ሥር ቁጭ ብሎ ትንሽ ይጠብቅሽ፤ ምንም አይሆንም። አንቺ አርፈሽ ስሚኝ።

ይህ ሰው ደገኛ ገበሬ ነው፤ ጎተራው ሙሉ፣ ለእናቱ አንድ። እናቱ ቆላ ተወልዳ አድጋ፣ ደጋ ተድራ የመጣች ሴት ናት። በዚያ ዓመት ክረምት ብርድ ሳንባዋን መታትና አልጋ ላይ ጣላት። ደረቷ ሲያፏጭ እየሰማ ከአጠገቧ ሳይነቃነቅ የከረመው ልጇ ነው። ቄስ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ «በቃ አለቀላት» ከተባለ በኋላ እግዜር ማራት። እሷ ዳነች፤ እሱ ግን አልዳነም። ከዚያ ወዲህ በር በተከፈተ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል።

አዝመራው ተሰብስቦ ሥራ ሲፈታ እናቱ፣ «ልጄ፣ እስቲ ከመሞቴ በፊት ወዳገሬ አውርደኝ። ፍል ውሃው ጉልበቴን ያፍታታልኝ፤ ትንሽ ቀን አርፌ፣ ዘመዶቼን አይቼ ልመለስ» አለችው። እምቢ የሚልበት አንጀት አልነበረውም። እሺ አለና መጨነቅ ጀመረ።

ምን ያልጫነው ነገር አለ! ጋቢ በጋቢ ላይ፣ ወፍራም በርኖስ፣ የበግ ደበሎ። እንጨት ቢጠፋስ ብሎ ደግሞ ከሰል። ወይ ጉድ! ቆላ ከሰል ጭኖ የወረደ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ብርዱ ከተነሣባት ደረቷን የሚያሽበት አንድ ማሰሮ ለጋ ቅቤም ያዘ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል እየቋጠረ። የአህዮቹ ጀርባ ጎበጠ። ውሃ የያዘው ግን በአንዲት ቅል ብቻ ነው። በሱ አገር ከየጓሮው ምንጭ ይፈልቃላ! ውሃ ተሸክሞ መንገድ የሚሄድ ሰው አይቶ አያውቅም።

እናቱ ጭነቱን አየችና፣ «ልጄ፣ ውሃውስ? ይሄ ሁሉ ጋቢስ ምን ይሠራልናል?» አለችው።

«አንቺ አትጨነቂ እማዬ፤ ለማሰቡ እኔ አለሁልሽ» አላት።

በማለዳ በበቅሎ አስቀምጦ፣ ጋቢ በበርኖስ ደርቦ፣ አፍንጫዋ ብቻ እስኪቀር ጠቀለላት። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ አየሩ ተለወጠ። የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ቅሏ ባዶዋን ቀረች። እሱ በየጥጉ ምንጭ ይፈልጋል፤ ምንጭ የለም። ከሩቅ ወንዝ አየሁ ብሎ ሮጠ፤ ወንዙ ነጭ አሸዋ ብቻ ሆኖ ጠበቀው። ሲመለስ እናቱ በቅሎዋ ላይ ዘመም ብላለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል።

«ወየው! ያ ብርድ ተመለሰባት!» አለ። የሚያውቀው በሽታ እሱን ብቻ ነዋ። ከበቅሎዋ አውርዶ ከአንዲት ግራር ሥር አስተኛትና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሌላ ጋቢ ደረበባት። ትኩሳቱ ባሰ። ደበሎውን ጨመረበት። ዓይኗ መገለባበጥ ሲጀምር ሌላ ልብስ ሊፈታ ወደ አህዮቹ ዞረ። በመውደዱ ሊገድላት ነው፣ እታገኘሁ!

ያኔ እጇ ከጋቢው ሥር ወጣና የልብሱን ጫፍ ያዘ።

«አውልቅልኝ» አለችው፣ ድምፅዋ በግድ እየወጣ።

«ይበርድሻል እማዬ!»

«አውልቅልኝ አልኩህ። አሸዋውን ቆፍር፤ ውሃው ከሥር ነው።»

ያ የክረምቱ ፉጨት ጆሮው ውስጥ ጮኸበት። ብገልጣትና በእጄ ላይ ብትሞትብኝስ? እኔ ገደልኳት ማለት አይደል? ዓይኗን አየ፤ ዓይኗ ይለምነዋል። እየፈራ ደበሎውን ወረወረ፣ የበርኖሱን ማሰሪያ በጠሰ፣ ጋቢውን ገፈፈ፤ በቀሚሷና በነጠላዋ ብቻ ትቷት ወደ ወንዙ ሮጠ። በእጁ ቢቆፍር አሸዋው እየተናደ ይመለስበታል። ወደ አህዮቹ ተመለሰና ማሰሮውን አነሣ፤ ያን የሳሳለትን ቅቤ፣ ቀልጦ ዘይት ሆኖ ነበር፣ መሬት ላይ ደፋው። በማሰሮው ይዝቅ ጀመር። ደረቅ አሸዋ፤ አሁንም ደረቅ። «እመብርሃን፣ እናቴን! እናቴን!» እያለ ዛቀ። ጉድጓዱ እስከ ክንዱ ሲያስገባው አሸዋው ረጠበ፤ ውሃም ቀስ እያለ ተጠራቀመ። ድፍርስ ነው፤ ቅቤ ቅቤም ይላል።

በማሰሮው ቀድቶ ወደ እሷ ሮጠ፤ ነጠላዋን ነክሮ ግንባሯ ላይ አደረገላት፤ ከንፈሯን አረጠበላት፤ ጥቂት በጥቂት አጠጣት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኗን ገለጠች። እሱ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ሰው አይደለሁም?» አለችው። «አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ፈርቼ ነው እማዬ።»

«መፍራትህንማ አውቃለሁ። የፈራኸው ግን ጥለነው የመጣነውን ብርድ ነው።»

አንድ ጋቢ ለማታ አስቀርተው የቀረውን ሁሉ ከግራሩ ሥር ተዉት። ከብቶቹን አጠጡ፣ ማሰሮውን ሞሉና ወረዱ። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ «ይሄስ ምንድነው? እዚህስ ምን ይደረጋል?» እያለ እሷን ይጠይቃት ነበር።

አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ ልጄ። ለሳጥንሽ ቁልፍ አሠርተሻል፤ አልጋው በር አጠገብ ይሁንልኝ ብለሻል፤ ጫማሽንም አፉን ወደ ደጅ አዙረሽ ልትተኚ እንዳሰብሽ ነግረሽኛል። አልስቅብሽም። የፊተኛው ሰውዬ ክንድሽን ሲሰብረው ወጌሻ ዘንድ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ብርዱ እውነት ነበር።

ይህኛው ቤት ግን ደጋ ይሁን ቆላ ገና አላወቅሽም። ለመሆኑ «ስትናደድ ምን ታደርጋለህ?» ብለሽ ጠይቀሽዋል? እህቱን፣ ጎረቤቱን፣ አብሮት የሚያርሰውን ሰው ጠይቀሻል? አየሽ፣ አቀረቀርሽ። ደጋ ነው፣ እጁን ያነሣል ካሉሽ የምን ጋቢ ነው፣ ከነጭራሹ ቅሪ! ቆላ ነው ካሉሽ ግን ያን ሁሉ ጭነሽ ግቢ ያለሽ ማነው? ጫማሽን እንኳ ተይው አልልሽም፤ ሰውዬውም አንድ ጋቢ አስቀርቷል። ብቻ ሳትጠይቂ አትቋጥሪ።

እፈራለሁ ትይኝ ይሆናል። ፍሪ፤ ማን ከለከለሽ? እሱም ጋቢውን የገፈፈው እየፈራ ነው። በይ ተነሺ፣ ሰውየው ከዋርካው ሥር ቁጭ ብሏል። ሂጂና ጠይቂው።