ሂስ ሲጠብቅ የከረመው ባንድ

አንድ ድምፃዊ ነበር፤ ምንተስኖት ይባላል። አዳማ ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁሞ፣ ለዓመታት ከተለማመዱ በኋላ የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ዘፈኖቹ አጫጭርና ፈጣን ናቸው፤ ጊታሩ ይደምቃል፣ ዜማው አንዴ ከተሰማ ከአፍ አይጠፋም።

አልበሙ እንደወጣ አንድ ጋዜጣ ደስ የሚል ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ ጩኸት ይበዛዋል አለ። ምንተስኖት የመጀመሪያውን አንብቦ ረሳው፤ ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳው። ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ ሁሉ አንድ ሰው ላይ አረፈ፤ በሬዲዮ ስለ ሙዚቃ ሂስ የሚያቀርቡት ጋሽ አስናቀ ላይ። እሳቸው ያመሰገኑት ሥራ ይሸጣል፤ ያጣጣሉትን ማንም ዞሮ አያየውም።

ጋሽ አስናቀ ግን ዝም አሉ። ሳምንት መጣ፣ ሳምንት ሄደ፤ የሌሎችን ሥራ ሲያነሱ የእነሱን አልበም ስሙን እንኳ አልጠሩም። ምንተስኖት ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጦ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ያዳምጣል። የከተማው አዳራሽ አልበሙን እንዲያስመርቁ ቢጋብዛቸው ምንተስኖት ቀኑን አስተላለፈ። ደግሞ አስተላለፈ። ልምምድም ቀረ።

ድራም የሚመታው ኢዮስያስ አንድ ቀን፣ "ሰው እኮ ዘፈናችንን ታክሲ ውስጥ እየዘፈነው ነው። ምን እንጠብቃለን?" አለው።

"ጋሽ አስናቀ ሳይናገሩ መድረክ ላይ ወጥተን ብንዋረድስ?" አለ ምንተስኖት።

ኢዮስያስ አልተከራከረም። ብዙም ሳይቆይ ድሬዳዋ ያለ አንድ የሆቴል ባንድ ሲጠራው፣ ሥራ ፈቶ መቀመጥ እንደሰለቸው ለምንተስኖት ነግሮት ሄደ።

ምንተስኖት ጭንቀቱ ሲብስበት የሚሆነው ይሁን ብሎ ጋሽ አስናቀ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ከውስጥ የራሱን ድምፅ ሰማ። ሰውየው አልበሙን ከፍተው እያዳመጡ ነበር። ሲያዩት ደንግጠው ዘጉት፤ ከዚያም ቁጭ በል አሉት።

"ከወጣ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ወድጄዋለሁ" አሉ።

"ታዲያ ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?"

"ከምርቃቱ ጋር ላነሳው አስቤ ነበር፤ ደጋግማችሁ ስታስተላልፉት ግን ራሳችሁም ያላመናችሁበት ሥራ መሰለኝ። እኔ ብቻዬን አሞግሼው የሰው መሳቂያ እንዳልሆን ፈራሁ።"



በዚያው ሳምንት ጋሽ አስናቀ አልበሙን በሬዲዮ አመሰገኑ። አብልጠው ያደነቁት ድራሙ የተመታበትን መንገድ ነበር። ምርቃቱም ተካሄደ፣ አዳራሹም ሞላ። ድራሙ ላይ የተቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነው። ጥሩ ይመታል፤ ምንተስኖት ግን ሕዝቡ አብሮት እየዘፈነ፣ በየመሃሉ ወደ ኋላ ዞር እያለ ያይ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ሥራችንን ጨርሰን የሰው ፍርድ ስንጠብቅ፣ ያ የምንፈራው ሰው እኛኑ እያየ ሊፈራ እንደሚችል አናስብም። የእኛ ማመንታት እሱን ዝም ያሰኘዋል፤ የእሱ ዝምታ ደግሞ እኛን ያስጨንቀናል። ምስጋናው ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ፣ ስንጠብቅ ያጣነውን ሰው አይመልስልንም። እናንተስ ዛሬ የማንን ቃል እየጠበቃችሁ ነው፤ አጠገባችሁ ሆኖ እናንተን እየጠበቀ ያለውስ ማን ነው?