የቃሬዛ ወርድ የምታህል መንገድ

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ የተያያዘ ወሬ ላውራላችሁ። ቋጠሮው ብዙ ነው። አንዱን የዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ መድገም አይታክተኝም።

ትርንጎ የምትባል ሴት በጠራራ ፀሐይ ምጥ ያዛት። ቤቷ ከአስፋልቱ በታች፣ የቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ነው። ለእሳት አደጋ ተደወለ። እሳት በሌለበት ምን ያደርጋሉ እንዳትሉኝ፤ አምቡላንሱም የእነሱ ነው፣ ቃሬዛ ተሸክመው ዳገት የሚወጡት ጉልበተኞችም የእነሱ ናቸው። ቀይዋ መኪና ከፊት፣ አምቡላንሱ ከኋላ መጥተው አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ነርሷ ሲስተር ዝናሽ ቁልቁል ሮጣ ገባች፤ ትርንጎን አየቻት። የሕፃኑ እግር ቀድሟል። ቶሎ ሆስፒታል ካልደረሱ እናትም ልጅም አይተርፉም። የሚያስፈልጋት እንግዲህ ትንሽ ነገር ናት፦ የቃሬዛ ወርድ የምታህል መንገድ።

መንገዱ ላይ ግን የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ ከአጥር እስከ አጥር። ሰው በጎኑ ሾልኮ ያልፋል፣ ቃሬዛ አያልፍም። ዝናሽ በድንኳኑ መሃል እንለፍ ስትል የትርንጎ አማት እማማ ደብሪቱ የቃሬዛውን እጀታ ጨበጡ። ምጥ የያዛት ሴት ለቅሶ መሃል ተጋድማ አታልፍም፣ ሟርት ነው፣ እኔን ረግጣችሁ ካልሆነ አሉ። ቃሬዛውን እማማ ደብሪቱ ያዙት፤ እማማ ደብሪቱን ድንኳኑ ያዛቸው፤ ትርንጎ መንገድ አጣች።

ዝናሽ የድንኳኑን ጎን ልትፈታ ሄደች። እዚያ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ጋሽ ደበሌ ቆመዋል። ይህን ገመድ ያለ ዳኛው ትእዛዝ ፈትቼ አላውቅም፣ ዕቃ ጠባቂ በሆንኩ በሃያ ዓመቴ ዛሬ አልጀምርም አሏት። ቃሬዛውን እማማ ደብሪቱ ያዙት፤ እማማ ደብሪቱን ድንኳኑ ያዛቸው፤ ድንኳኑን ገመዱ ያዘው፤ ገመዱን ጋሽ ደበሌ ያዙት፤ ትርንጎ መንገድ አጣች።

ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ሻምበል ወንድይፍራው ሄደች። ሻምበል ሰው አይጠሉም፣ ደንብ ይወዳሉ እንጂ። ድንኳን ከተተከለ ባለሐዘኑ ሳይፈቅድ አይነካም፤ ባለሐዘኑ አባባ ኩምሳ ደግሞ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ቃል አልተነፈሱም አሉ። ቃሬዛውን እማማ ደብሪቱ ያዙት፤ እማማ ደብሪቱን ድንኳኑ ያዛቸው፤ ድንኳኑን ገመዱ ያዘው፤ ገመዱን ጋሽ ደበሌ ያዙት፤ ጋሽ ደበሌን ዳኛው ያዟቸው፤ ዳኛውን የአባባ ኩምሳ ዝምታ ያዛቸው፤ ትርንጎ መንገድ አጣች።

ዝናሽ ሄልሜቷን እንዳጠለቀች ድንኳኑ ውስጥ ገብታ አባባ ኩምሳ ፊት ተገተረች። አባባ፣ ድንኳኑ እንዲፈታ ይፍቀዱልን አለች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ደገመችው፤ ምንም የለም። አይ ዝናሽ! ለቅሶ ቤት ቆሞ የሚያወራ ማን አለ? ዕቁብ ሰብሳቢ እንኳ መጀመሪያ ቁጭ ይላል። ለቀስተኛው ሁሉ በዓይኑ ገረፋት።

ያኔ ገባት። እግሯ ሩጪ ሩጪ እያላት ሄልሜቷን አወለቀች፤ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። እግዜር ያጥናዎት አለች፤ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ያቺ ዝምታ ከዳገቱ ይልቅ ከበደቻት። ልቧ ትርንጎ ጋ ነው።

አባባ ኩምሳ ቀስ ብለው ዞሩ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«ከእሳት አደጋ ነኝ፣ አባባ። ከድንኳኑ ጀርባ ትርንጎን ምጥ ይዟታል፤ የልጁ እግር ቀድሟል። የቃሬዛ ወርድ መንገድ ልለምንዎት ነው።»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ባለቤቴ ብትኖር ይሄን ድንኳን በጥርሷ ትፈታው ነበር፤ ፍቱት።»

አባባ ኩምሳ ዝምታቸውን ለቀቁ፤ ዝምታቸው ዳኛውን ለቀቀ፤ ዳኛው ጋሽ ደበሌን ለቀቁ፤ ጋሽ ደበሌ ገመዱን ለቀቁ፤ ገመዱ ድንኳኑን ለቀቀ፤ ድንኳኑ እማማ ደብሪቱን ለቀቀ፤ እማማ ደብሪቱ ቃሬዛውን ለቀቁ፤ ትርንጎ መንገድ አገኘች። ለቀስተኛው ከእሳት አደጋዎቹ ጋር ቃሬዛውን እየተቀባበለ አስፋልት አደረሳት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናሽ ያቋረጠችውን ለቅሶ ልትጨርስ ተመለሰች። የአራስ ልብስ ሊወስዱ ከሆስፒታል የመጡት እማማ ደብሪቱም አብረዋት ገቡ። ሁለቱም ተቀመጡ። ዝናሽ ወደ አባባ ኩምሳ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ሴት ልጅ ናት፣ እናቷም ደህና ናት አለቻቸው። እማማ ደብሪቱ ግን እልልታው ጉሮሯቸው ደርሶ ተናነቃቸው፤ በለቅሶ ቤት እልል አይባልማ። እልልታውን ጉሮሯቸው ያዘው፤ ጉሮሯቸውን ነጠላቸው ያዘው፤ ነጠላቸውን እጃቸው ያዘው፤ እጃቸውን ለቅሶው ያዘው።

አባባ ኩምሳ አዩአቸው። እንባቸው እየወረደ ፈገግ አሉ።

«ደብሪቱ፣ ምን ታፍኚዋለሽ? ልቀቂው። ባለቤቴም ትስማው።»

እማማ ደብሪቱ ለቀቁት።